ለጂኒ አሳማዎች የሠራሁት ቤት

ውድ ኃይለማርያም፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ጻፍኩና ብዕሩን አስቀመጥኩት። ዘንድሮ ይህ ጥያቄ እንዲሁ ለወጉ የሚጻፍ አልሆነልኝም። መኖርህን አላውቅም። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር፦ የእንስሶቹ ቤት አልቋል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ጓደኛህ ቢረሳው ነው። የቆሰለው እጁ ድኖለት ወደ ጦር ክፍሉ ሊመለስ ነው። አብሮህ የዘመተ ሰው ነውና ሰልችቶት እስኪሸሸኝ ድረስ ጠየቅኩት። «ከኮረብታው ስንወርድ ከኋላዬ ነበር፤ ታች ስንደርስ አላየሁትም» ይላል። ሌላ የሚጨምረው የለም። ካንተ ጋር የሄዱት ሁሉ ወይ ጽፈዋል፣ ወይ ተጽፎላቸዋል። ያንተ ዝም ነው። አላለቅስም፣ አልቆጣም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው በስሜ ሲጠራኝ ግን ትንሽ ቆይቼ ነው አቤት የምለው።

መቼም የእንስሶቹን አመጣጥ አትረሳውም። የውጭ አገሩ የከብት ሐኪም አገሩ ሊገባ ሲል፣ ለምርመራ ካስመጣቸው የተረፉትን ሁለቱን «ለልጅህ» ብሎ ሰጠህ። አንተም በዱቄት ወተት ካርቶን አቅፈሃቸው መጣህ። አይጥ እንዳይባሉ ጅራት የላቸው፣ ጥንቸል እንዳይባሉ ጆሯቸው ቁራጭ ነው። ልጃችን ጠጂቱ «ምን ይባላሉ አባዬ?» ስትልህ «ጊኒ ፒግ» ብለህ ብታቆም ምን ነበረበት? የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛህ አላስችል አለህና፣ ቧንቧው ጋ የተሰለፈው ሴት ሁሉ እየሰማ «የጊኒ አሳማ ማለት ነው» አልክ። «ጊኒ» ሰፈሩን እስኪዞር «ጂኒ» ሆነ። በማግስቱ እነ ወርቅውሃ ቤት የጂኒ አሳማ ገባ ተባለ። አሳማ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ጂኒ ብቻ ቢሆንም ጠበል አለ። አንተ ሁለቱን ቀላቅለህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እኩል አዳረስከው። ስነግርህ በሳቅ ፈረስክ።

ሳዲያ አልሳቀችም። ግድግዳ የምንጋራት፣ ባሏ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው ሳዲያ፣ ልጆቿን ከግቢያችን ከለከለች። «ወርቄ፣ አንቺን ጠልቼሽ አይደለም። አሳማ ካለበት ቤት ግን ልጆቼ ውሃ አይጠጡም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን በአጥር ላይ ብቻ ሆነ።

አንተ ከመዝመትህ በፊት ቤታቸውን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ስለህልኝ ነበር። ፎቅና ደረጃ ያለው፣ የጄኔራል ቪላ የመሰለ። መኪናው ሲነሳም «ስመለስ እሠራዋለሁ» ብለህ ጮህክ። ወሬህ ሲጠፋ እኔ ጀመርኩት። ለምን እንደጀመርኩ አትጠይቀኝ። እጄ ሥራ ሲይዝ ቀኑ ይመሻል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ፎቁን ተውኩት። ተቀምጬ ሳያቸው አይወጡም፣ አይዘሉም፤ የሚፈልጉት የሚሮጡበት ሜዳና የሚደበቁበት ጨለማ ነው። ስለዚህ ዝቅና ሰፋ አድርጌ አሰብኩት። መጀመሪያ ወለሉንም ሽቦ አደረግኩት፤ ቆሻሻው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከመጥረግ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። ከሁለቱ የሴቷ እንስሳ ጣት ሽቦው ውስጥ ገብቶ ደማች። አወጣኋት፣ ደሙን ጠረግኩላት፣ ጠጂቱ ስታለቅስ አባበልኳት። እኔን ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ የጦር ሰፈሩን ግምጃ ቤት ለምኜ የተሰባበረ የጥይት ሳጥን አመጣሁና ወለሉን በሳንቃ ሠራሁት፤ ሽቦውን ለጎንና ለላይ ብቻ አስቀረሁት።

መኝታቸውን ከዘይት ቆርቆሮ ሠራሁ። የነገሌን ፀሐይ ታውቃታለህ፤ እኩለ ቀን ላይ እጄን ባስገባ ምድጃ ሆኗል። አፉ የተሸረፈ ገንቦ ነበረን አይደል? በጎኑ አጋደምኩላቸው። ሸክላ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፤ ወዲያው ገብተው ተጣበው ተኙ። የቤቱን እግሮች ከፍ አደረግኩና እያንዳንዱን ቆርቆሮ ውስጥ አቁሜ ከጋራዡ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ጨመርኩበት፤ ጉንዳን አይወጣም። በሩን ከላይ ነበር ያደረግኩት። እጄን ከላይ ሳወርድ ጭልፊት የመጣባቸው ይመስል ይበታተናሉ። አንተ በጠመኔ ስትስለው ከጎን ነበር ያደረግከው፤ ልክ ነበርክ። ነቅዬ ወደ ጎን አዞርኩት። አሁን ጎመን ስከትፍ የቢላውን ድምፅ ሰምተው በሩ ጋ ተሰልፈው ያፏጫሉ። ፉጨቱን ደግሞ ሰፈሩ ሰማውና «ጂኒው ያፏጫል» ተባለ።

አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ በዛብሽ ከፊት፣ የሰፈሩ ሴቶች ከኋላቸው፣ ሁሉም ነጠላ ተከናንበው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለህ። ጦር ሰፈር ስኖር እኔም ለሌሎች መርዶ ከኋላ ቆሜ አውቃለሁ። አልጮህኩም። «ግቡ» አልኳቸው። አግዳሚውን አወጣሁ። ጉትቻዬን በራሴ እጅ አወለቅኩ፣ ፀጉሬን ፈታሁ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩና «እሺ፣ ንገሩኝ» አልኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ በዛብሽ «ወርቅዬ፣ እኛ እኮ የመጣነው…» ብለው ጀመሩ። «የመጣነው ስለነዚያ እንስሶች ነው። ልጄን ትኩሳት ይዞት ሰነበተ፤ ሰዉም እንዲህ እንዲያ ይላል። ሰው ሳያይ ብትጥያቸው ብለን ነው በማለዳ የመጣነው።»

«እ፣ እሱ ነው?» አልኩ።

ጉትቻው መዳፌ ላይ ነበር። እትዬ በዛብሽ እሱን አዩ፣ የተፈታውን ፀጉሬን አዩ። ምን መስሎኝ መሬት እንደተቀመጥኩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። «ወየው! ወየው ልጄን! ምን አደረግናት!» ብለው ደረታቸውን መቱ። የእሳቸውም ባል አምና እዚያው ግንባር የቀረ ነው። አንዷ ተከተለቻቸው፣ ሌላዋም ተከተለች። ጩኸቱን የሰማ እየሮጠ መጣ፤ የመጣውም ማን ነገራችሁ ሳይል ስምህን እየጠራ ያለቅሳል። ለቅሶህን በስህተት ጀመርነው፣ ኃይሌ። እኔ መሃላቸው ደረቅ ዓይኔን ሳርገበግብ «ደንዝዛለች፣ ተዋት» ይባባላሉ። ደንዝዣለሁ፤ ግን ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበርኩ።

ጠጂቱ ነቅታ በባዶ እግሯ ወጣች። ሰዉን ሁሉ ቃኝታ ወደ እኔ መጣችና «አባዬ ሞተ?» አለችኝ። ሁሉም አፌን ያያል። አዎ እንዳልል ዋሽቼ ልገድልህ ነው። አልሞተም እንዳልል ምን ይዤ?

«አላውቅም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

ከበሩ በኩል የመለሰላት የሳዲያ ድምፅ ነው። እንስሶቹ ከመጡ ጀምሮ ደጃችንን ረግጣ የማታውቅ ሴት ሰዉን እየገፋች ገባች። «ናጋ? ሰላም ነው? ምን ሆናችሁ? ወርቄ፣ ኤኙቱ ሲቲ ሂሜ? ማነው የነገረሽ?»

«ማንም።»

«አለቃው መጣ? ደብዳቤ መጣ?»

«ምንም አልመጣም።»

«እና ማንም ሳይነግራችሁ ነው ሰውየውን የምትቀብሩት?» አለች። ከዚያ የጠጂቱን እጅ ያዘች። «ነይ፣ እነዚያ ቁርስ አልበሉም» ብላ ወደ እንስሶቹ ቤት ወሰደቻት። የጎኑን በር ስትከፍት «ቢስሚላሂ» ስትል ሰማኋት። አሳማ መሆናቸውን እስከዛሬም ታምናለች፤ ነገር ግን እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ሳሩን ሰጠቻቸው። ጠጂቱም ከጎኗ ቁጢጥ ብላ ጎመን አቀበለቻት። የዚያን ቀን ነገር ሁሉ እንደ ሕልም ነው፤ ይህን ብቻ አጥርቼ አየሁት።

የእትዬ በዛብሽ ልጅ ያመመው ወባ ኖሮ ኪኒን ወስዶ ተነሣ። እንስሶቹንም አሁን ጣያቸው የሚለኝ የለም። እንዲያውም ልጆች ሳር ይዘው ይመጣሉ፣ እናቶቻቸውም አይከለክሉም። ጂኒው የወጣላቸው እንዳይመስልህ፤ የሟች አደራ ናቸው ብለው ነው። የተለቀሰ ለቅሶ መመለሻ የለውም መሰለኝ። ገበያ ስወጣ ገሚሱ «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል፣ ገሚሱ «መቼ ይመጣል?» ይለኛል። ለሁለቱም «አሜን» እላለሁ። ጥቁር አልለበስኩም፤ ፀጉሬንም አልተሠራሁም። ጠጂቱ በየማለዳው ተነሥታ እንስሶቹን ታበላና «ዛሬስ አወቅሽ?» ትለኛለች። ኃይሌ፣ ይህን ጥያቄ ከእንግዲህ ብዙ የምችለው አይመስለኝም።

ቢረሳው ነገ በጭነት መኪና በክብረ መንግሥት በኩል ይሄዳል። ካለህ «አለሁ» ብለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም። ከሌለህ ግን ደብዳቤውን እንዳይጥለው፣ ለሌላ ሰውም እንዳይሰጠው፣ እንደታሸገ መልሶ እንዲያመጣልኝ አስምዬዋለሁ። ሰፈሩ ያለቀሰልህ ያለ እኔ ነው። ደብዳቤው የተመለሰ ቀን እኔ አለቅስልሃለሁ።

እስከዚያው ሚስትህ ነኝ፣

ወርቅውሃ