ስልጠና ላይ ነኝ

ሰኞ

ስልኬን ጠረጴዛ ስር ደብቄ ለዮናስ "ስምንተኛ ሀ ማን ገባ?" ብዬ ጻፍኩለት። "ማንም" አለኝ። ዮናስ የስፖርት መምህራችን ነው፤ እሱም በየክፍሉ እየሮጠ ዝም ከማሰኘት አላለፈም። እኔ የሒሳብ መምህርታቸው የክፍለ ከተማው አዳራሽ ውስጥ ተጎልቻለሁ። የመምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች ጥራት ማሻሻያ፣ በመንግሥት ድጋፍ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ድጋፉ የሚለቀቀው የተመደበው ሰው ሁሉ ሳይጎድል ከተገኘ ነው። ርዕሰ መምህራችን አቶ ግርማም ከጎናችን ባለው አዳራሽ አመራር እየተማሩ ነው። ምክትላቸው ወልዳ ተኝታለች። ትምህርት ቤቱን ማን እንደሚመራው እንጃ!

የዛሬው ርዕስ፦ ማንም ተማሪ ወደ ኋላ እንዳይቀር። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

የሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል እኮ።

ማክሰኞ

ተማሪዬን ህይወትን ሳስብ አደርኩ። አምና ሚኒስትሪ የወደቀችው በሒሳብ ነው። እናቷ ለቡ፣ አንድ የሕንፃ ግንባታ ጋ፣ ለቀን ሠራተኞች ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። ልታስመዘግባት ስትመጣ "ዘንድሮ ካላለፈች ከኔ ጋር ትሠራለች፤ ምን ላድርግ ቲቸር?" ብላኛለች። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ኤክስን ከእኩል ይሆናል ማዶ ስታሻግር ምልክቱን መቀየር ትረሳለች፣ በቃ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ልትይዘው ትንሽ ቀርቷት ነበር፤ እኔን ለስልጠና ጎትተው አወጡኝ።

ዛሬ ለቡድናችሁ ስም አውጡ ተባልን። ልጅ የወለድን፣ ጸጉራችን የሸበተ ሰዎች ስንጨቃጨቅ ረፈደ። "ብርሃን" አልነው። ምሳው ግን ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ፣ መካኒሳ፣ ትምህርት ቤቴ። ክፍሉ ጋ ስደርስ ጩኸቱ ጣራ ይነቅላል። "ቲቸር መጣች!" አሉ። ጠመኔ አነሳሁ፣ ቶሎ ቶሎ ሦስት ጥያቄ ሠራን። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ህይወት የለችም። "አልመጣችም" አሉኝ፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ስመለስ የከሰዓቱ የፊርማ ወረቀት ተሰብስቧል።

ሐሙስ

አቶ ግርማ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው ያዙኝ። የዋህ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

"አንቺ ልጅ፣ ልታስጨርሺን ነው? ትናንት ለምኜ ነው ያስማርኩሽ። ዳግም ከጎደልሽ ትምህርት ቤቱ ከድጋፉ ይሰረዛል!"

"ልጆቹስ?" አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ድጋፉ ከመጣ ሁለተኛ የሒሳብ መምህር እናገኛለን። ብቻሽን እስከ መቼ ትዘልቂዋለሽ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አንዱንም አልሰማሁም። መምህር በመሆኔ ተቆጭቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ተቆጨሁ።

ዓርብ

አሰልጣኙ "መምህርት አልማዝ ሞዴል ትምህርት ያሳዩናል" አለ። ሌሎቹ ተማሪ ሁኑ ተባሉ። ምን ቸገረኝ፣ ተነሳሁ። ኢኴሽን ያዝኩ። እግዜር ያውቃል፣ እንደዛሬ አስተምሬ አላውቅም! አንድ ጺማም መምህር ሰሌዳው ጋ ወጥቶ፣ አውቆ፣ ምልክቱን ሳይቀይር ኤክስን አሻገረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ህይወትን እንደማርማት አረምኩት።

"ይሄ ነው ጥራት ማለት!" አለ አሰልጣኙ። ጭብጨባው ቀለጠ። ለማያስፈልጋቸው ሰዎች አስተማርኩ። እንባዬ መጣ፣ መደበቅም አቃተኝ። ደስታ መስሏቸው ደግመው አጨበጨቡልኝ።

ቅዳሜ

ለህይወት እናት ደወልኩ። ልጅቷን ቤት ላኪልኝ፣ ላስጠናት ልል።

"ውይ ቲቸር! መምህር የለም፣ ዝም ብለን ነው የምንውለው ስትለኝ ከረቡዕ ጀምሮ ይዣት እየወጣሁ ነው። እግዜር ይስጣት፣ በጣም አገዘችኝ። መልስ መመለሱን እንኳ እሷ ነው የያዘችው፤ አትሳሳትም።"

ከኋላዋ የሠራተኞቹ ሁካታ ይሰማል። ስልኩን ስጫት አልኳት።

"ቲቸር፣ ስልጠናው አለቀ?" አለችኝ ህይወት።

"አንድ ሳምንት ይቀረኛል።"

"እሺ" አለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ስልኩን ለእናቷ መለሰችው።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለቡ እሄዳለሁ። ለህይወት ምን እንደምላት ግን አላውቅም።