ሲስተርን ከደጃችን ላስቀሩልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የአካባቢያችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆችዎስ? ትንፋሻቸው በደህና ይወጣል ይገባል? ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይህንኑ መጠየቅ ስለለመደብኝ እንደ ድፍረት አይዩብኝ። ከጤና ጣቢያው ዝቅ ብሎ ባለው መታጠፊያ ላይ ፀጉር የማስተካክለው ሰው ነኝ፤ ምናልባት አንድ ቀን ጢምዎን ላጭቼልዎት ይሆናል።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፦ ሴት ልጄ ያለ ወሯ ተወለደች። ሚጢጢ እንላታለን። ከሐኪም ቤት ስትወጣ ክንዷ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም ነበር። ያኔ ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ሲስተር በየሳምንቱ ቤታችን ድረስ ትመጣልን ነበር። ሚጢጢን አራቁታ በከረጢት ሚዛን ላይ ታንጠለጥላታለች፤ ደረቷን አተኩራ ትመለከታለች፤ ባለቤቴም ልጅቷን ከገላዋ ጋር አጣብቃ እንዴት እንደምትይዛት ታሳያታለች። እኔንም ጠርታ፣ «አባትየው፣ እዚህ ጋ ተመልከት፤ ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ስርጉድ ካለ ነገ እንዳትል፤ ተነሥ» ብላኛለች። ክቡርነትዎ የቤት ለቤት ጉብኝቱን «ለአሠራር ቅልጥፍና» ብለው ሲያስቀሩት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላገሉን። የልጃችንን ደረት የማየቱም ክብር ለእኛ ብቻ ተተወልን።

ሁለተኛ፦ ሲስተር ከቀረች ወዲህ ከሱቄ የእጅ መስታወቴን ወደ ቤት ወስጄ፣ ሚጢጢ ስትተኛ አፍንጫዋ ሥር እይዘዋለሁ። መስታወቱ ጉም ሲለብስ እኔም እተነፍሳለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ በኋላ ግን ወደ ሥራ ስወጣ፣ «መስታወቱን ትተህልኝ ሂድ» ትለኝ ጀመር። ሱቅ ውስጥም ስልኬ በጮኸ ቁጥር ክው ስለምል የደንበኛ ጆሮ አድምቻለሁ። ለዚህ የጋራ ትጋታችን ምክንያቱ ክቡርነትዎ ነዎት።

ሦስተኛ፦ የስልክ መስመርዎን ይመለከታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአንድ ሹፌር ጢም እየላጨሁ ሳለ ባለቤቴ ደወለች። «አትጠባም፤ እግሯ ቀዝቅዟል፤ ና» አለችኝ። ሰውየውን ግማሽ ጉንጩ በሳሙና እንደተሸፈነ ትቼው ሮጥሁ። ስደርስ የሚጢጢ ከንፈር ጠቋቁሯል፤ ሲስተር ያሳየችኝ ቦታ ስርጉድ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ትንፋሿ ቆም ይላል። ተሸክሜያት ልውጣ ብል፣ መንገድ ላይ ጭራሽ ቢቆምብኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ እጅግ ትሑት ነበረች። ሲስተር ትላክልን ብዬ ስለምናት፣ ልጅቷ ለቤት ጉብኝት ብቁ መሆኗ እንዲጣራ በመጀመሪያ ቀጠሮ አስይዤ ወደ ጣቢያው ይዣት እንድመጣ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው ብላት፣ አስቸኳይ ጉዳይ የእርሷን ክፍል እንደማይመለከት ገልጻ መልካም ቀን ተመኘችልኝ።

አራተኛ፦ ሲስተርን የጣቢያው በር ላይ ተራ አስያዥ አድርገው መመደብዎ በጀን፤ በራሷ ስልክ ብደውልላት በሩን ትታ እየሮጠች መጣች። ሚጢጢን ከባለቤቴ ደረት ጋር አጣብቃ በብርድ ልብስ ጠቀለለቻቸው። ትንፋሿ ቆም ባለ ቁጥር የውስጥ እግሯን እየፈተገች፣ «በይ እንጂ እማዬ፣ በይ» ትላታለች። ባለቤቴ የሲስተርን ፊት ብቻ ታያለች። በዚህ መሐል ደጃችን ላይ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። ያ ሹፌር በግማሽ ጢሙ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሯል። «ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ግቡ እንጂ» አለኝ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ሳሙናው ጉንጩ ላይ ደርቆ ነበር፤ ሲስተርም የልጄን እግር መፈተግ አላቆመችም።

ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለን። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ጨርሰው አላልሁትም።

ሚጢጢ ተረፈች። ሲስተር ደግሞ የሥራ ቦታዋን ያለ ፈቃድ በመልቀቋ ከክቡርነትዎ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ፍትሕዎን አደንቃለሁ። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ተራ የሚያስይዝ ጠፍቶ፣ የታመመ ሁሉ ዝም ብሎ ገብቶ ቢታከም ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አልቻልሁም። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ልጄ ቤት ተመልሳለች፤ እስክትጠነክር ድረስ የሚያውቅ ሰው እየመጣ ይያት ተብለናል፤ የሚመጣ ግን የለም። ስትተኛ እፈራለሁ፤ ቆይታ ስትነቃ እፈራለሁ። ስታለቅስ ብቻ እፎይ እላለሁ፤ የሚያለቅስ ይተነፍሳልና። ባለቤቴና እኔ ልጅ ማሳደግ ትተን ትንፋሽ መጠበቅ ሥራችን ሆኗል። ያን ጊዜ ሲስተር ስልኳን ባታነሣ ኖሮ እያልሁ አስባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልችልም። እባክዎ፣ ሲስተርን ይመልሱልን።

እርስዎን ጤና፣ ቢሮዎን ጸጥታ፣ ልጆችዎን ረጅም ዕድሜ እንዳይለያችሁ ከልብ እየተመኘሁ፣ ውለታዎን መቼም የማልረሳ አክባሪዎ፣

የሚጢጢ አባት

ማሳሰቢያ፦ ከግድግዳችን ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ያለ ወራቸው የመጡ መንታ ወልዳ ትናንት ቤቷ ገባች። ማን እየመጣ እንደሚያይላት ስትጠይቀኝ፣ ማንም ማለት አቅቶኝ ክቡርነትዎ ራስዎ እንደሚመጡ ነግሬያታለሁ። እየጠበቀችዎት ነው። ልጆቹ በጣም ትንንሾች ስለሆኑ ከመንካትዎ በፊት እባክዎ እጅዎን ያሙቁ።