ሽማግሌዎች የበሉት ናሙና

እንጅባራ፣ ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለፀደይ፣

የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አይደለንም። ያልደወልሁት ስልኩ የአባዬ ስለሆነ ነው። ታውቂዋለሽ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚወራውን ሁሉ እስከ ጥርባ መንደር ያሰማል።

ለምርምርሽ የላክሁልሽ አሥር ድንች የአባዬ አይደለም።

ተቆጪ፣ ግን አንብቢ። አባዬ ከዘር ማከማቻው መርጦ የሰጠኝን በር ጀርባ አስቀምጬ ነበር። እማዬ ዳንግላ ሄዳ፣ እሱ እርሻ ሳለ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እነመምሬ ሀብቱ መጥተው "እስኪመጣ እንጠብቃለን" ብለው ቁጭ አሉ። ቤት ውስጥ የሚቀርብ የለም፤ ማከማቻውን ያለ አባዬ ማን ይነካል? ናሙናውን ቀቀልሁት። መምሬ አራተኛውን እየላጡ "ይኼ የተባረከ ዘር ነው፣ ልጄ" አሉ። ተባርኮም ከእሳቸው አላመለጠም። በማግስቱ መልኩ የሚመሳሰል ከጥሊሊ ገበያ ገዝቼ ላክሁልሽ። ማን ያውቃል ብዬ!

አንቺ አወቅሽ። ቆዳው ቢመሳሰልም በላቦራቶሪው ማሽን የሚወጣው የኤንዛይሞቹ መስመር ይለያያል፤ ድንች ከእያንዳንዱ ዘረ መል አራት አራት ቅጂ ስላለው የመስመሩ መድመቅና መፍዘዝ ሳይቀር ይናገራል ብለሽ የለ? "አባዬ፣ ዘርህ ድብልቅ ነው፤ ለማዳቀል አይሆነኝም" ብለሽ የጻፍሽለትን ጮክ ብዬ ያነበብሁለት እኔው ነኝ።

ወሬው ሰፈሩን ስለዞረ እሁድ የዘር አምራቾች ማኅበር ተሰበሰበ። ጋሽ ክንዴ አባዬን "ሽመክት፣ ደባልቀህ ነው ስትሸጥልን የኖርኸው?" አሉት። መምሬም "እኔማ ገና ስቀምሰው ጠርጥሬ ነበር" አይሉ መሰለሽ! ማስረጃውን በልተው ዳኛ ሆኑ። ልስቅ ስል አባዬን አየሁት፤ ሳቄ ደረቀ። "ፀደይ አትዋሽም። የከዳኝ ዓይኔ ነው" ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ድንቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳ ያገላብጣል። የድንች በሽታ የሰፈሩን ማሳ ሲያጠቁር ብቻውን የቆመውን ዘር፣ ቅዳሜ ጥሊሊ ወስዶ ለወጥ ሊሸጠው ነው። አንዲት ፍሬ አላስቀርም ብሏል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የጻፍሁልሽ "ማሽኑ ተሳስቷል" ብለሽ እንድትደውዪለት ልለምንሽ ነበር። ግን ያኔ የሚበላሸው ያንቺ ስም ነው። ደግሞም ደብዳቤው የሚደርስሽ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ይቀድማል።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የምፈራው ዝም ብሎ እንዳያየኝ ነው። አሁን ጓሮ ሆኖ ጆንያ እየሰፋ ነው። ይህን አጥፌ ልወጣና እውነቱን ልነግረው ነው። አዲሱን ናሙና ራሱ ይመርጥልሻል፣ ካናገረኝ።

እመቤቴ አንቺን ሁልጊዜ፣ እኔን ለዛሬ ትጠብቀን።

እህትሽ ሜላት