ድምፅ ማጉያ በሌለው ኮምፒውተር ስለ ተፈረደበት የድምፅ ሥራ

ለተከበሩ አቶ ጂያን ቦሹን፣
የክፍት ምንጭ የጌም ድምፅ ሶፍትዌር የተማሪዎች የበጋ ፕሮጀክት ዕቅድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ታይፔ።

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው የደሴታችን ሕዝብ አንድ ከባድ ዜና በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከቁርስ በኋላ እኔ ኮ ሹይዩዋን፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተላትሜ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሞቻለሁ። ዐይኔ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው።

የልጅ ልጄ ዪዜን፣ እዚሁ ታይናን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «አያቴ፣ ቆይ ብቻ፤ ግድግዳው ራሱ እዚህ ነኝ ይልሃል» ብላ ለኮሚቴዎ ዕቅድ አቀረበች። የእግር ኮቴ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ የሚያሰማ፣ እንደ እኔ ያለው ዕውር በጆሮው በር እንዲያገኝ የሚያደርግ ሥራ ነው። የበጋውን ፈተና ካለፈ ማንም በነጻ ከሚጠቀምበት ከሶፍትዌራችሁ ጋር ይዋሃዳል ተባለ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. መካሪ ስለ መደባችሁላት። አቶ ሊያኦ ጓንቲንግ መካሪ መሆናቸውን የሰሙት ከእርሷ ከራሷ ነው። «እኔ? እህቴ፣ ከዚያ ፕሮጀክት ከወጣሁ እኮ ሁለት ዓመቴ ነው!» አሏት። ዘመዱ መሞቱን ረስቶ ሰርግ የሚጠራው ቤተሰብ ዐውቃለሁ፤ ሟቹን ሙሽራ አድርጎ የሚያስቀምጥ ግን እናንተን ብቻ አየሁ።

2. ምትክ ስለ ሰጣችኋት። ወይዘሪት ፉ በአሥራ ሁለት ሳምንት አርባ አንድ አስተያየት ጻፉላት፤ ሠላሳ ዘጠኙ በኮዷ መስመሮች መካከል ስለሚተው ባዶ ቦታ ነበር። «ድምፁንስ ሰሙት?» ብትላቸው፣ «ውይ፣ ቢሮ ነኝ፤ ማዳመጫዬን ቤት ረስቼዋለሁ» አሉ። አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ! የዓሣ ገንፎን በሳህኑ ጌጥ የምትዳኙ፣ አፍ ለምን እንደ ተፈጠረላችሁ እንጃ።

3. ይህችን እባክዎ ቁጭ ብለው ይስሟት። ፈታኙ ኮምፒውተራችሁ ድምፅ ማጉያ የለውም፤ ድምፅ ሲላክለት መውጫ ያጣና «ስሕተት» ብሎ ይጽፋል። የዪዜን ሥራ ድምፅ አወጣ፤ ወደቀ። የአንድ ሌላ ተማሪ ሥራ ግን አንዲት ድምፅ አላወጣም፤ አለፈ፤ ተሸለመም። እኔ በቤተ መቅደስ ሰልፍ አርባ ዓመት የነሐስ ደወል መትቻለሁ፤ ዝም ያለው ደወል ሲሸለም፣ የጮኸው ሲባረር ያየሁት በእናንተ ዘመን ነው።

4. ለይግባኟ መልስ ስለ ሰጣችኋት። ሁለት ገጽ ብትጽፍ «ማሽኑ አይሳሳትም፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው» አላችኋት፤ አንድ መስመር። ከዚያ ግን እርስዎ ራስዎ ስልክ ደውለው «አባባ፣ ይቅር ይበሉን፣ አጥፍተናል» ስላሉኝ፣ ልቤ ተነክቷል።

ዪዜን ትናንት ሥራዋን ሁሉ ከኮምፒውተሯ ሰረዘችው። ማዳመጫዋንም ለጎረቤት ሰጠች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አያቴ፣ ምናልባት መስማት የማልችለው እኔ እሆናለሁ» አለችኝ። አንዲት ሰሚ ነበረችን፤ ጆሮዋን እንድትጠራጠር አድርጋችሁ ላካችኋት። ለዚህ የሚበቃ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

በተፈነከተ ግንባርና ባልተፈነከተ አክብሮት፣ ረጅም ዕድሜና ጸጥ ያለ ኑሮ እየተመኘሁልዎ፣ ቃሌን በጎረቤቴ እጅ ያጻፍሁት፣
ኮ ሹይዩዋን

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ደብዳቤ አንዱን ነገር ከራሴ ፈጥሬዋለሁ። ስልክ አልደወሉም፤ ይቅርታም አላሉም። ማሽኑን ግን አልፈጠርሁትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመፍጠር አንድ ሽማግሌ አይበቃም፣ ኮሚቴ ያስፈልጋል።