ባልዲ ጠባቂው

ሰሜን ሚኒሶታ፣ ከሐይቁ ዳር
መስከረም ማለቂያ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ባለቤትሽንስ ያ ክፉ ሳል ተወው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሬን ከሚበርደኝ በቀር ደህና ነኝ። ኦሪንም ይበላል፣ ይተኛል። የቀረውን እያደር አወጋሻለሁ። ስልክ እዚህ ጥዱ መሃል አይሠራም፤ ቢሠራም ባሌ እየሰማ የማወራው ነገር አይደለም። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀት ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

"በዚህ ብርድ ምን ቆርጧቸው ይሄዳሉ" ብለሽ እንደተቆጣሽ ልጅሽ ሳንወጣ ነግራኛለች። አንቺን ብሆን እኔም እቆጣ ነበር። ግን ያንን ባዶ በረት በመስኮት እያየ ሲውል አብሬው ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ላሞቹ በጸደይ ተሸጠው በመኪና ከተጫኑ ወዲህ በማለቢያው ሰዓት ይነሳል፣ ቦት ጫማውን ያጠልቃል፣ ከዚያ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምን እንብላ አይልም፣ ማን ሞተ ማን ዳነ አይልም። አፉ የማያርፍ ሰው እኮ ነበር፤ በሠርጋችን ቀን ፓስተሩን ስለ ላም መኖ ይዞ ሥርዓቱን አላስጀምር ያለው! አሁን አፉን ማን እንደለጎመው እንጃ። ለአፍታ እንኳ ብቻውን ልተወው ለምን እንደምፈራ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም።

ያቺ ተጣጣፊ ተጎታች ቤት ትዝ ትልሻለች? ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ፣ በየበጋው ሐይቅ ዳር እንወጣለን ብለን የገዛናት? ላም ያለው ሰው የት ይሄዳል! ጠዋት ማለብ፣ ማታ ማለብ፤ ገናም ቢሆን፣ ልደትም ቢሆን ማለብ። ድርቆሽ ተጭኖባት የአይጥ ማደሪያ ሆና ኖረች። ከእንግዲህ የሚያስቀረን ላም የለም አልኩና ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ጎትተናት ወጣን። ጣሪያዋን በማንሻው እየጠመዘዝሽ ከፍ ስታደርጊያት፣ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ሲሳቡ፣ ሸራው ሲወጠር፣ ከሣጥን ውስጥ ቤት ወጣ ማለት ነው። ደስ ትላለች፣ አልዋሽሽም።

መከራዬ ሲንኩ ነው። ሳትፈልጊው ታጥፎ ይተኛል፤ ስትፈልጊው ታነሺውና ሁለት ሳህን አብሮ የማይገባበት ገንዳ ይሆናል። ቧንቧው በእጅ የሚገፋ ነው፤ ስትገፊው ከወንበሩ ሥር ካለው ታንከር ውሃ ይስባል። የመጣን ቀን ኦሪን ከውጭ በነጩ የውሃ ጎማ ታንከሩን እየሞላ፣ እኔ ከውስጥ ብገፋ ብገፋ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ይስላል እንጂ ጠብታ የለም። ለካ ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ሳንዘጋው ኖሯል፤ የምንሞላው ሁሉ መሬት ለመሬት ወደ ጎረቤት እየሄደ ነው። ድሮ ቢሆን "ማርሊስ፣ ሐይቁ አነሰሽ?" እያለ ሳምንት ሙሉ ይስቅብኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ዘጋውና ቀና አለ። ውሃው ሲመጣ ደግሞ ታንከሩን ያጠብኩበት በረኪና ገና አልለቀቀውም፤ ቡናችን የልብስ አጠባ ቀን ሸተተ። እሱንም ዝም ብሎ ጠጣው።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። የሲንኩ እጣቢ የሚጠራቀምበት የራሱ ታንከር የለውም። በግድግዳው ቀዳዳ ወጥቶ፣ ውጭ በተቀጠለች አጭር ጎማ ባልዲ ውስጥ ይወርዳል። መሬት ላይ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ የካምፑ ኃላፊ ካየሽ ወየውልሽ፤ ባልዲሽን ተሸክመሽ እጣቢ መድፊያው ድረስ መሄድ አለብሽ። ከውስጥ የሚያጥበው ሰው ደግሞ ባልዲውን አያየውም። ስለዚህ የሁሉም ሰው ደንብ አንድ ነው፤ አንዱ ውስጥ ያጥባል፣ አንዱ ውጭ ባልዲ ይጠብቃል፣ ሲሞላ ይጮኻል። ከራት በኋላ ካምፑ በጩኸት ይሞላል። ከጎናችን ኪገንና ብሪታ የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት አሉ፤ የነሱስ ለብቻው ነው። "ሞላ!" ይላታል። "ምን?" "ሞላ አልኩሽ እኮ፣ ደንቆሮ ነሽ እንዴ!" "ደንቆሮስ አንተ! ቀድመህ አትናገርም?" "ጫማዬ ራሰ እኮ!" "እሰይ! የታባቱ!" እህቴ፣ ጠባቸው አስቀናኝ። ምነው እኔንም የሚሰድበኝ ባገኘሁ አልኩ።

ኦሪንን ባልዲው አጠገብ ወንበር ዘርግቼ አስቀመጥኩትና "ሲሞላ ንገረኝ" ብዬው ገባሁ። ይጮኻል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ቢሆንም ጆሮዬን ጣልኩ። ጥቂት ቆይቶ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ አንኳኳ። አቆምኩ። ባልዲውን ደፍቶ ተመለሰና ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ ቀጥዪ ማለቱ ነው። ይኸው ሆነ ንግግራችን። ትስቂ ይሆናል፤ እኔ ግን እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ አለቀስኩ። ከሰው ጋር ያለሁ መሰለኝ። በሲንኩ በኩል መስኮት የለም፤ ማንኳኳቱን ስሰማ እዚያው እንዳለ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሳህን ማጠብ ሆነልሽ። ቁርስ በልተን አጥባለሁ፣ ምሳ በልተን አጥባለሁ፣ ሳንበላም አጥባለሁ። የሩዝ ሾርባ የበላንበትን ጎድጓዳ ሳህን አጥቤ፣ አድርቄ፣ መደርደሪያ ላይ ከመለስኩ በኋላ እንደገና አውጥቼ አጥበዋለሁ። ከመጣን ያልነካነውን ሹካ ሁሉ አጥቤያለሁ። ሲያንኳኳ ትንፋሼ ይመለሳል። ታንከሩ ሲያልቅም ሳልጠይቀው ሄዶ ይሞላልኛል። ማታ ሲሆን ጠረጴዛዋ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ እኔ ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ልጆቹ እለፈልፋለሁ፤ እሱ ሐይቁን ያያል። የራሴ ድምፅ ሰለቸኝ እኮ! ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ብቸኛ መሆን እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳያንኳኳ ቀረ። ገፋሁ፣ አጠብኩ፣ "አልሞላም?" ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ያ ሁሉ ውሃ ከባልዲው ልክ እንዳለፈ ይገባኛል፤ ግን መግፋቴን ቀጠልኩ፣ ካቆምኩ ወጥቼ ማየት ሊኖርብኝ ነዋ! በመጨረሻ ወጣሁ። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ወንበሩ ባዶ ነው።

 በነጠላ ጫማ፣ የሳህን ጨርቄን እንደያዝኩ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። ጀልባ ማሰሪያው ላይ ማንም የለም፤ ውሃው ጸጥ ብሏል።  ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ ከጎረቤቶቻችን በኩል፣ የኦሪንን ድምፅ ሰማሁ።

ከእነብሪታ ተጎታች ሥር ተንጋሎ እግሩ ብቻ ይታያል። ለካ ቧንቧቸው እንደኛው ሲስል ሰምቶ ሊያይላቸው ሄዷል። ደግሞ ያወራል! "ተበላሽቶ አይደለም፣ አየር ገብቶበት ነው። አትቸኩይበት የኔ ልጅ፣ ቀስ እያልሽ ግፊ። ክሎቨር የምትባል ላም ነበረችኝ፣ እሷም እንዲህ ነበረች፤ ካላንጎራጎርኩላት ጠብ አታደርግም።" ኪገን "ምን ነበር የምታንጎራጉርላት?" ሲለው፣ "መዝሙር ነዋ! የጨዋ ላም እኮ ናት፣ ዳንኪራ መሰለህ?" አለው። ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከአንድ ጥድ ጀርባ ቆሜ ሰማሁት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን አንጀቴ አረረ። ለማያውቃቸው ሰዎች ቃል ነበረው፤ አጠገቡ ለምተኛው ለእኔ አልነበረውም። ሳያዩኝ ተመለስኩ።

ባልዲውን ደፍቼ ስመጣ መውጫው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዝም ልለው ለራሴ ምዬ ነበር፤ አፌ መች ይታዘዘኛል። "የት ነበርክ? እኔ እኮ..." አልኩት። ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ። "ማርሊስ፣ ይሄ ውሃ እኮ ከመጣን ማግስት ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ነው" አለኝ። "ምን ማለትህ ነው?" አልኩት። "ሳሙና የለው፣ ፍርፋሪ የለው። ዕድሜ ልኬን ባልዲ ውስጥ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ፤ የማላይ መሰለሽ?" አለ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። "ታዲያ ካወቅክ ምን ብለህ ታንኳኳለህ?" ብለው፣ "እንድትሰሚኝ ብዬ ነዋ" አለኝ።

እህቴ፣ ዞሬ አለቀስኩ። ተነስቶ አላቀፈኝም፣ ታውቂዋለሽ፤ ግን ከጎኑ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። ያቺን ስሟን የላክሽልኝን ሐኪም አነሳሁበት። "እንግዲህ..." አለ። የእኛ አገር ወንድ "እንግዲህ" ካለ እሺ ማለቱ እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም፤ ስለዚህ መቼ እንደምትቀበለን ደውለሽ ጠይቂልኝ፤ ይዤው እመጣለሁ። ድኗል ብለሽ ግን እልል እንዳትዪ። ዛሬ ጠዋት መልሶ ዝም ብሏል፤ እኔም ብቻዬን እያወራሁ ፓንኬክ ጠበስኩ።

አንድ መልእክት ግን ሰጥቶኛል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም በዋናነት ለእሱ ነው። ትናንት ልንገባ ስንነሳ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ለእህትሽ ስትጽፊ ለባሏ ንገሪልኝ" አለ። "በኅዳር አጋዘን አደን አልወጣም። ጠመንጃዬ እሱ ጋ ይቆይ። ራሴ መጥቼ ብለምነውም እንዳይሰጠኝ።" እኔ፣ እህቴ፣ ጠመንጃውን ደብቄ የት እንዳደረስኩት አንድም ቀን ለኦሪን ነግሬው አላውቅም።

ይህችን ለባለቤትሽ ቃል በቃል አንብቢለት። እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ የጉልበትሽን ሕመም ያቅልልሽ፣ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። በጸሎትሽ ሁለታችንንም አስቢን።

የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ