በቁሙ ያለቀስኩበት

ጥቅምት 19
ዛሬም አምቡላንስ ሲያመላልስ ዋለ። ክፍሉ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፈናል። ጓንት አልቋል፣ የቁስል ጎዝ ሊያልቅ ነው። አንዱ ወታደር ፋሻውን ስቀይርለት፣ "እህቴ፣ እግሬ አለ?" አለኝ። አለ አልኩት። አለ... ለዛሬ። ነገ እንደሚቆረጥ ሐኪሙ ነግሮኛል። ምን ልበለው ታዲያ?

በመስኮት እንጦጦ ይታያል። እዚያ ፓርኩ ውስጥ ሰው ፎቶ ይነሳል፣ እኛ እዚህ... ተይው፣ ሀዊ።

ፍቅረኛዬ ኪያ ከደወለ ሳምንት አለፈው። እሱም እንደኔ ነርስ ነው። ግንባር ድንኳን ውስጥ ያክማል፣ በፈቃዱ ሄዶ። "እዚያ ሰው ያንሳል" አለኝ። እዚህስ ተርፎን ነው? ተቆጥቼ ነው የሸኘሁት። ኔትወርክ የለም ይላሉ። ኔትወርክ ነው የሌለው ወይስ...

ጥቅምት 21፣ እሁድ
እንዴት ብዬ ልጻፈው? ማፈሪያ!

ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። የኪያ አጎት ኦቦ ዱጋሳ ናቸው፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸውን ደርበው። አንዳቸውም አይስቁም። "አባትሽ ተነሥቷል?" አሉኝ። አስገባኋቸው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። "ቆመን ነው የምንናገረው።" በቃ፣ አለቀ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ፊት፣ ከመርዶ ሌላ ምን ያመጣቸዋል? "ኪያዬ!" ብዬ ጮህኩ። ወደቅኩ፣ ደረቴን ደቃሁ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ምንም ሳትጠይቅ አብራኝ ጮኸች። ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግልብጥ ብሎ መጣ።

ኦቦ ዱጋሳ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። "ኧረ በፈጠረሽ! ኪያ ደህና ነው! እኛ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ልንል ነው የመጣን!"

ሽምግልና! ኪያ ኔትወርኩ ሳይቋረጥ በስልክ ልኳቸው ኖሯል፣ "ሀዊ እንዳትሰማ፣ ድንገት ይሁንባት" ብሎ። ይኸው ድንገት ሆነልህ፣ የኔ ጌታ። አባዬ ከቤት ሳይወጣ እንድረስ ብለው ነው እንደዚያ የማለዱት። ሽማግሌ ደግሞ ጥያቄው ሳይመለስለት እንደማይቀመጥ ጠፍቶኝ ነው? ሳምንቱን ሙሉ መርዶ ስጠብቅ ሰንብቼ፣ ሌላ ነገር እንዴት ይታየኝ...

ጎረቤቱ እየሳቀ ተበተነ። እማዬ ግን አልሳቀችም። "በቁሙ አለቀስሽበት" አለችኝ።

ኅዳር 1
እማዬ እንጦጦ ራጉኤል ሄደች። ያንን ሁሉ ዳገት፣ በዚያ ጉልበቷ። ሟርቴን ልታስነሳ። እኔ ነርስ ነኝ፣ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም... ጧፍ ጨምሪልኝ አልኳት እንጂ።

አባዬ ለሽማግሌዎቹ እሺ ብሏል። ኪያ ግን ገና አልሰማም። ስልኩ አይሠራም።

ኅዳር 14
ሥርጉት፣ አብራኝ ተረኛ የምትገባው፣ እጄን ይዛ መድኃኒት ክፍል አስገባችኝ። "እንዳትጮኺ። በሕይወት አለ።" ከኪያ ጋር የሚሠራ ነርስ ደውሎላት ነው። ድንኳኑ አጠገብ ከባድ መሣሪያ ወድቆ... ግራ እግሩ፣ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል።

አልጮህኩም። ጩኸቴን ጨርሼዋለሁ መሰለኝ። መርፌ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ሄጄ ወጋሁ።

ታኅሣሥ 2
ኪያ ከሆስፒታል ወጥቶ ካራ ሰፈር እናቱ ቤት ገብቷል። ሄድኩ። እናቱ እትዬ እታገኝ በር ላይ ያዙኝ። "አላያትም ይላል፣ ልጄ።" ይቅርታ እትዬ ብዬ አልፌ ገባሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

"ለሽማግሌዎቹ ቀርቷል ብያቸዋለሁ" አለኝ።

"ማንን አማክረህ?"

"አልቅሰሽልኝ የለ? ነግረውኛል እኮ። ያንኑ ቁጠሪው። ሞቷል በይ።"

ለሌላ ሰው ቢሆን "እግር ሕይወት አይደለም፣ በርታ" እላለሁ። በቀን ለስንቱ እላለሁ! ለሱ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ደሜ ፈላ።

"እኔ ያለቀስኩት ለሞተ ሰው ነው። የአንተ ቁስል ግን ይሸታል። ዙር!"

ዞረ። ፋሻው ርሷል፣ ጠርዙ መግል ይዟል። ማንም አይነካኝም ብሎ! ነርስ ሆኖ! እየሰደብኩ ጠረግኩለት። "አያመኝም" ይላል፣ ጥርሱ ሲፋጭ እየሰማሁት።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። እግሩን እኮ እወደው ነበር... ሲሄድ ግራውን ትንሽ ጎተት ያደርጋት ነበር።

ታኅሣሥ 9
ዛሬም አላናገረኝም። አጥቤ፣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ደክሞኛል።

ታኅሣሥ 20
አባዬ ጠዋት፣ "ሽምግልናው ፈርሶ ሰው ቤት መመላለስ ምንድን ነው? ሰው ምን ይላል?" አለኝ። ይበል። ሰው መቼ ሳይል ቀርቶ ያውቃል?

መግሉ ደርቋል። ሥጋው ቀይ ሆኖ መሙላት ጀምሯል። ፋሻውን ልፈታ ስጀምር እጄን ያዘኝ።

"ቀስ በይ... ያማል።"

ቀና ብዬ አላየሁትም። ፋሻውን ቀስ ብዬ ሳብኩት።

"ተጣብቋል" አለኝ። "ነገ ስትመጪ መጀመሪያ አርጥቢው።"

ነገ ስትመጪ... እሺ አልኩት።