ሁለት አዲስ ነገር ባንድ ጊዜ

ኅዳር 3

የኬሚስትሪ ውጤት መጣ። ዘጠና አንድ። ዘጠኟን ለመምህሩ ተውኩለት፣ እሱም ይኑር።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ፍሪጅ ውስጥ ልታስቀምጥ ነበር። ሦስት ዓመት የለፋችበት አዲሱ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል የሚባለው ቺፕ፣ ንድፉ አልቋል። ጭቅጭቁ አሁን የት ይመረት ነው። ፋብሪካው ሁለት መስመር አለው። አንዱ አሮጌ፣ አስራ አምስት ዓመት የሠራ፣ ጠባዩ የታወቀ። ሌላው ቺፑን ይበልጥ ትንሽና ፈጣን አድርጎ የሚያወጣ፣ ግን ገና የስድስት ወር ጨቅላ። አለቃዋ፣ እኔ አቶ ጥድፊያ የምለው፣ "አዲስ ንድፍ በአዲስ መስመር!" ብሏል። እሷ በአሮጌው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። ቺፑ ካልሠራ የእሷ ክፍል ይዘጋል። አስራ አንድ ሰው ከሥራ ውጭ... አለቃዋ ፊት ለፊት ነው የነገራት።

ኅዳር 6

ጋሼ መጣ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም። የአዲሱ መስመር ኃላፊ እሱ ነው። ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ተጀመረ።

"እታለም፣ የኔ መስመር ምን አጠፋ?"

"ምንም። ምን እንደሚያጠፋ ገና አልታወቀም እንጂ።"

"ፈርተሽ ነው!"

"አንተ ደግሞ መስመርህን እንደ ልጅ ለመዳር ቸኩለህ ነው።"

ጣልቃ ገባሁ። "ቺፑ ሞቶ ቢመጣ ገዳዩ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

ሁለቱም ጣታቸውን ቀሰሩ። አንዱ ወደ አንዱ። እኩል! ተለማምደውት ነው እንዴ?

ኅዳር 7

መልስ ያጣ ትልቅ ሰው "ሂጂ ትምህርትሽን አጥኚ" ይላል። አጠናሁ።

ኅዳር 14

ሳቄ ገና አላለቀም። ጋሼ ባንድ ቀን አዲስ መነጽርም አዲስ ጫማም አድርጎ ብቅ አለ። ሲወጣ ደህና። ሲወርድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ በቂጡ ዱብ!

"ይሄ መነጽር ሠሪ ሊገድለኝ ነው!"

"ጫማህ ቢሆንስ?"

"ጫማማ ውድ ነው!"

ይሄ መልስ ነው? አሮጌውን ጫማና አሮጌውን መነጽር ከመኪናው አስመጣሁት። በአሮጌው ጫማና በአዲሱ መነጽር አወረድኩት... ደህና። በአዲሱ ጫማና በአሮጌው መነጽር... ሸርተት! የደረጃው ብረት አተረፈው።

"ይኸው! ሁለቱን ባንዴ ባትለውጥ ኖሮ መነጽር ሠሪውን አትረግምም ነበር።"

እማዬ ከላይ ቆማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወደ ጋሼ ወረደች።

"አንተ... የኔ አዲሱ በአሮጌው መስመር፣ የድሮው ፕሮሰሰር ደግሞ በአንተ መስመር ቢሠራስ? የድሮው ደህና መሆኑን እናውቃለን። ከተበላሸ..."

"መስመሩ ነው ማለት ነው" አለ ጋሼ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ።

ለእኔ ምስጋና? ወፍ የለም።

ኅዳር 17

አቶ ጥድፊያ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ሲነጫነጭ ዋለ አሉ። በመጨረሻ ፈረመ። የእማዬ ንድፍ በአሮጌው፣ የድሮው ፕሮሰሰር በጋሼ መስመር ይመረታል፤ ለእማዬ ንድፍ ስህተት ቢገኝ አንድ ማረሚያ ብቻ ፈቅዷል። አንድ! ያ ካልሠራ ክፍሉ አለቀለት።

እኔ ግን አልፈራም። ያልፈራሁት ስለማላውቅ ነው ወይስ ስለማውቅ? ስለማውቅ። ቢበላሽ እንኳ ጥፋቱ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል።

ጥር 20

አሁንም ጥበቃ። እማዬ ስልኳን ሻወር ቤት ይዛ ትገባለች።

መጋቢት 9

ቺፑ መጣ! ይነሳል፣ ይደምራል፣ ያባዛል... ሲሞቅ ቀጥ ይላል። አለቀላት ብዬ የእማዬን ፊት አየሁ። እሷ እጅጌዋን እየሰበሰበች ነው።

"መስመሩ እንዲህ አያደርግም። አስራ አምስት ዓመት አውቀዋለሁ። ስለዚህ እኔ ነኝ።"

መጋቢት 11

በሁለት ቀን ተገኘ! ቺፑ ውስጥ ከልክ በላይ የረዘመች አንዲት ሽቦ። ሲሞቅ ምልክቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ማን ሣላት? እማዬ ራሷ። ማረሚያው ቀላል ነው፣ አቶ ጥድፊያም ፈርሟል። የተስተካከለው ንድፍ በኮምፒውተር ሙከራ ሲሞቅም አልቆመም።

ግንቦት 28

የታረመው መጣ። ቀኑን ሙሉ ሞቀ፣ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ክፍሉ አይዘጋም። አስራ አንዱም አሉ።

ጋሼ እንኳን ደስ አለሽ ሊላት መጣ፣ ፊቱ ግን ጭፍግግ ብሏል። የድሮው ፕሮሰሰር በእሱ መስመር ከአስር አራቱ ብቻ ነው የሚሠራው። የሚያመካኝበት ንድፍ የለም። እንደ ድሮው ቢሆን እማዬ ደስታዋን አትችለውም ነበር፣ "አላልኩህም?" ብላ ታደርቀው ነበር።

ወንበር ሳበችለት።

"ጥፋቱ የት እንዳለማ አውቀሃል፣ ግማሹ ሥራ አለቀ" አለችው። "ነገ እረፍቴ ነው። መስመርህን ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረን እናየዋለን።"

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ምንም ያልቆሸሸውን።

ነገ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ገና አልነገርኳቸውም።